«ግራዎቹ ለኢትዮጵያ ምን ሠሩ?» ለሚለው ጽሑፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የሚያዝያ 27ን የድል በዓል ምክንያት በማድረግ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ልጄ በስልኬ ልኮልኝ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጸሐፊው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከጎናችን የቆሙ የውጭ ወዳጆችን እቆጥራለሁ ብሎ ተነሥቶ፣ ለኢትዮጵያ በተከራከሩት እንግሊዛዊት በሲልቪያ ፓንክረስት ጀምሮ በሲልቪያ ፓንክረስት ጨረሰ። ከዚያ አልፎ፣ ግራ ዘመሞች ያኔም ሆነ በኋላ ለዚህች አገር ጠብ ያለ ነገር አልሠሩም አለ።

«በኋላ» ስላለው አልከራከረውም። እኔ ራሴ ከ«በኋላ»ዎቹ አንዱ ነኝ፤ ምን እንደሠራን አውቃለሁ። «ያኔ» ስላለው ግን ዝም ልል አልቻልሁም። በነገራችን ላይ ሲልቪያ ራሳቸው ግራ ነበሩ፤ ያውም ሌኒን ሳይቀር «አበዛችው» ብሎ በጽሑፍ የነቀፋቸው። ዛሬ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ስላረፉ ቀዩ ነገር ተረሳላቸው መሰለኝ።

እኔ ልጽፍ የተነሣሁት ግን ስሙን ማንም ስለማያውቀው አንድ ሰው ነው። እኔም ስሙን አልጽፈውም፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ እዚህ ለንደን፣ እዚያው ሰፈሩ ይኖራሉ፣ አላስፈቀድኋቸውም። እኛ ሐበሾቹ ካፒቴን ነበር የምንለው። በመርከብ የሠራ ሰው ስለሆነ ነው እንጂ ካፒቴን ሆኖ አያውቅም፤ ከታች፣ ምድጃው ዘንድ፣ ከሰል በአካፋ የሚጨምር ነበር። ካፒቴን ስንለው ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቅ ነበር። በዕድሜ አባቴን ያህላል፣ አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ ግን በእንግሊዝኛ አንቱ የለምና አንተ እንዳልሁት ቀረሁ። አሁን በአማርኛ «እሳቸው» ብዬ ብጽፍ ሌላ ሰው ይሆንብኛል።

ለንደን የገባሁት በ1972 ዓ.ም. ነው፤ በመተማ ወጥቼ፣ ገዳሪፍና ካርቱም ከርሜ። ብሪክስተን የሚባለው የጃማይካና የካሪቢያን ሰዎች ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተን፣ እኔ ሌሊት ሌሊት አንድ ሆቴል ሳህን አጥብ ነበር። ካፒቴንን ያገኘሁት ሳንቲም እየጎረሰ በሚያጥበው የልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። እኔና የክፍል ጓደኛዬ በአማርኛ እየተነታረክን ነበር፤ እኔ የኢሕአፓ፣ እሱ የመኢሶን፣ ርዕሱም የዚያን ጊዜ ብቸኛው ርዕስ፦ ማን ማንን ቀድሞ ገደለ። አንድ ረጅም ጥቁር ሽማግሌ አንሶላውን እያጠፈ ቆየና «አቢሲኒያ?» አለን። አዎ ስንለው «መኮንን» አለ።

ስሜ ያ አልነበረም፤ የጓደኛዬም። ኋላ ነው የገባን። እሱ የሚያውቀው መኮንን እንደሱ የብሪቲሽ ጊያና (በደቡብ አሜሪካ የነበረች የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት) ሰው ነበር፤ ሲወለድ የወጣለት ስም ጆርጅ ግሪፊዝ ነው። ጣሊያን በወረረን ጊዜ ስሙን ጣለና «ራስ መኮንን» ተባለ። ይህ ሰው በኋላ ማንቸስተር ከተማ ውስጥ ምግብ ቤቶች ከፍቶ፣ አንደኛዋን «የኢትዮጵያ ሻይ ቤት» ብሎ ሰይሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 እዚያው ማንቸስተር ለተደረገው አምስተኛው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ዋና አዘጋጆች ከሆኑት አንዱ ነበር። ንክሩማና ኬንያታ የተቀመጡበት ጉባኤ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ቬትናምና ስለ ኩባ ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ፣ ለአገሬ ብሎ ስሙን የለወጠ ሰው መኖሩን የነገረኝ አልነበረም።

ካፒቴን በ1935 (በእነሱ አቆጣጠር) ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከመርከብ ወርዶ ሥራ ፈትቶ ለንደን ውስጥ ሲንከራተት፣ ኒው ኦክስፎርድ ስትሪት ላይ ኤሚ አሽዉድ የያዘችው ምግብ ቤት አለ፣ እዚያ የጥቁር ምግብ ይገኛል ሲሉት ለሩዝ ብሎ ገባ። ኤሚ የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ የነበረው የማርከስ ጋርቬይ የመጀመሪያ ሚስት ነበረች። ከሩዙ ጋር ስብሰባ አገኘ። ማኅበሩ የአቢሲኒያ ዓለም አቀፍ አፍሪካውያን ወዳጆች የሚባል ነው፤ ሊቀ መንበሩ ከትሪኒዳድ የመጣው ሲ. ኤል. አር. ጄምስ፣ ከአባላቱ አንዱ በኋላ የኬንያ መሪ የሆነው ጆሞ ኬንያታ፣ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ እንደ ጄምስ የትሪኒዳድ ሰው የሆነው የቀድሞ ኮሚኒስት ጆርጅ ፓድሞር ተጨመረ። «ሁሉም መናገር ይችሉ ነበር፤ የጠፋው መሰላል የሚሸከም ነው» ይል ነበር ካፒቴን። እሁድ እሁድ ሃይድ ፓርክ ድረስ ተናጋሪው የሚቆምበትን የእንጨት መሰላል በትከሻው ተሸክሞ ይሄዳል፣ ንግግሩ ሲያልቅ ቆርቆሮ ይዞ ሳንቲም ይለቅማል። የትግል ታሪኩ ይኸው ነው። መሰላሉ የት ጋ ትከሻውን ይልጠው እንደነበር ሸሚዙን ገልጦ ሊያሳየኝ ይፈልግ ነበር፤ እኔ ምንም አላይም ነበር፣ እሱ ግን ጣቱን ያሳርፍበታል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። አንድ ቀን ቤቱ ጠርቶኝ ፕላንቴን እየጠበሰ (ሙዝ የሚመስለውን ማለቴ ነው፤ እኔ እስከ ዛሬ አልወደድሁትም)፣ የትኛው ድርጅት ውስጥ እንደነበርሁ ጠየቀኝ። አብራራሁለት። ያኔ ማብራራት እወድ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ደርግን ማስታጠቋን አነሣሁና፣ ይህ የኋላ መሪዎች ክህደት ነው፣ ቀድሞ ግን የጭቁን ሕዝቦች አለኝታ ነበረች አልሁት። መጥበሻውን ከእሳቱ አወረደ።

«የሙሶሊኒ መርከቦች በምን የሚሄዱ ይመስልሃል?» አለኝ።

ነገሩን ያላወቅሁት እኔ ነኝ እንጂ የተደበቀ አልነበረም። የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን አላካተተም። የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የጣሊያን መርከብ ሠራዊቱን ጭኖ፣ ቀረጡን እየከፈለ፣ በእንግሊዝ ዓይን ሥር አለፈ። ነዳጁን ከሸጡለት አገሮች አንዷ ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ነበረች፤ ያውም በስታሊን ዘመን፣ እኔ «ቀድሞ» በምለው ዘመን። ፓድሞር ከሞስኮ ጋር የተጣላው ከዚያ ቀድሞ ነው፤ የነዳጁ ነገር ደግሞ ጥቁር ኮሚኒስቶች ሁሉ አንገታቸውን የደፉበት ሆነ። እኔ «የኢምፔሪያሊስት ፕሮፓጋንዳ ነው» አልሁት። ካፒቴን አልተቆጣም። ከሰል ሲጨምር የኖረ ሰው መርከብ ምን እንደሚበላ ከኔ ይልቅ ያውቃል፤ ፕላንቴኑን ገለበጠ።

ስለዚህ ጸሐፊያችሁ «ግራዎቹ» ሲል ማንን ማለቱ እንደሆነ ቢለይ ጥሩ ነበር። ነዳጅ የሸጠው መንግሥት ግራ ነበር። ነዳጅ የሚሸጠውን ያጋለጡት፣ ለመንግሥታት ማኅበር ማመልከቻ ከመጻፍ ይልቅ ወደ ጣሊያን የሚሄድ ዕቃ እንዳይጫን የወደብ ሠራተኛው ራሱ ማዕቀብ ይጣል ያሉትም ግራ ነበሩ። ይህ ወሬ ብቻ አልነበረም፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደርባን ላይ ጥቁር የወደብ ሠራተኞች ለጣሊያን ጦር የሚላክ ስንቅ አንጭንም ብለው ነበር። ካፒቴን ይህን ሲያነሣ ድምፁ ይለወጣል። የወደብ ሰው ነዋ።

ከሁሉ የከበደኝን ግን ገና አልጻፍሁትም።

አባቴ የማይጨው ዘማች ነው። ጫማ አልነበራቸውም። ዝናብ ሳይዘንብ ሣሩ ርሶ ነበር ይላል፤ በሱ ላይ ሲሄዱ ዋሉ፣ ማታ እግራቸው አበጠ፣ በማግሥቱ ቆዳው እንደ ድንች ልጣጭ ተገፈፈ። የመርዝ ጢስ መሆኑን በኋላ ነው የሰሙት። እኔ ሳውቀው የሁለቱም እግሮቹ መሃል ጣት ተጣብቆ ድኖ፣ ውስጥ እግሩ እንደ ብራና ይንጣጣ ነበር። ማታ ማታ እናቴ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ታቀርብለታለች፣ ቅቤ ትቀባዋለች። በ1966 ዓ.ም. ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ተመልሼ፣ እሱ እግሩን ውሃ ውስጥ እንደነከረ፣ እንዲህ አልሁት፦ «አባባ፣ የተዋጋኸው እኮ ለንጉሡ ነው። የሁለት ጨቋኞች ጠብ ነበር፣ ድሃው ምን አገባው?» ጃንሆይ የሚወርዱበት ክረምት ነበር፣ አንደበታችን አይያዝም። አባቴ መልስ አልሰጠኝም። እግሩን ከውሃው አውጥቶ ሳያብሰው ተነሥቶ ወጣ። የአፈሩ ወለል ላይ እርጥብ ዱካው ነበር፤ የጣቶቹ ምልክት አይለይም።

ስምንት ዓመት ቆይቶ ብሪክስተን ውስጥ ካፒቴን ኢንዲፔንደንት ሌበር ፓርቲ ስለሚባለው የእንግሊዝ ግራ ፓርቲ ያወራልኛል። ጄምስ የዚያ ፓርቲ አባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 ለፋሲካ፣ ማይጨው በተዋጋን ሰሞን መሆኑ ነው፣ ኪትሊ በምትባል ከተማ ጉባኤ ተቀመጡ። የፓርቲው መሪ ማክስተንና አጠገቡ ያሉት፣ ሙሶሊኒም አምባገነን ኃይለ ሥላሴም አምባገነን፤ የእንግሊዝ ሠራተኛ በሁለት አምባገነኖች ጠብ ውስጥ አይገባም የሚል አቋም ያዙ። ጄምስ ተነሥቶ ተሟገታቸው። ጉባኤው ከሱ ጋር ሆነ፤ መሪዎቹ ግን እንለቃለን ብለው አስፈራርተው ነገሩን አስቀለበሱት።

ፊቴ ጋለ። ቃል በቃል እኔ ለአባቴ ያልሁት ነው። ለካስ ያን ያህል አብዮተኛ መስሎኝ የተናገርሁት፣ የለንደን ፓርላማ ውስጥ የሚቀመጡ ሰዎች ከአርባ ዓመት በፊት ብለው ጨርሰውታል። ጄምስ ደግሞ ንጉሥ ወዳጅ አልነበረም። ዘውድ የሚባል ነገር ሁሉ ቢወድቅለት ደስታው ነው። ያም ሆኖ የተወረረውንና የወረረውን እኩል አላደረጋቸውም።

ይባስ ብሎ ካፒቴን ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጣና የጋዜጣ ቁራጭ አሳየኝ። ጄምስ በሰኔ 1936 (እ.ኤ.አ.) የዚያው ፓርቲ ጋዜጣ ላይ ያወጣው ደብዳቤ ነው። ኢትዮጵያ ሄጄ በንጉሡ ጦር ውስጥ ልሰለፍ ብዬ ለንደን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን (እንደ ኤምባሲ ያለ ነው) አመልክቼ ነበር ይላል። ምክንያቱንም ዘርዝሯል፤ አንዱ፣ ከኢትዮጵያውያንና ከሌሎች አፍሪካውያን ጋር ቀርቤ የዓለም አቀፍ ሶሻሊዝምን ነገር ላስረዳ ብዬ ነው ይላል። እዚህ ላይ ሳልስቅ አላልፈውም። እስቲ አስቡት፤ ከትሪኒዳድ የመጣ የትሮትስኪ ተከታይ፣ የእንግሊዞቹን ደራሲዎች ታከሬንና ሼክስፒርን በቃሉ የሚወጣ የክሪኬት ዘጋቢ፣ ራስ ካሣ ሰፈር ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ስለ ቋሚ አብዮት ሲያስተምር!

ያላስኬዱት ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። በልጅነታቸው እንግሊዞች ከመቅደላ ወስደው ህንድ ያሳደጓቸው፣ በኋላ ቻርለስ ማርቲን የተባሉት፣ ያን ጊዜ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበሩት። እዚሁ ሆነህ ለማኅበሩ ብትሠራ ይበልጥ ትጠቅመናለህ ብለው መለሱት። ካፒቴን ሐኪም ወርቅነህን የሚያውቃቸው በዚህች ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የቀረውን እኔ ነገርሁት፦ ሁለት ልጆቻቸው፣ ብንያምና ዮሴፍ፣ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ነበሩ፤ በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 በኋላ ጣሊያን ገደላቸው። የሰውን ልጅ ከሞት መለሱ፣ የራሳቸው አልተመለሱም። ካፒቴን ቁራጩን አጥፎ ቆርቆሮው ውስጥ መለሰው። ለእሱም አዲስ ነገር ነበር፤ ከማዘኑ መሰለኝ ክዳኑን ለመግጠም ረጅም ጊዜ ፈጀበት።

እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጥብጣብ ነበረ። ጃንሆይ ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ሲወርዱ ካፒቴን ኮቱ ላይ ያደረገው ነው። ስለዚያ ቀን ብዙ ይወራል። ማርከስ ጋርቬይም ሊቀበል መጥቶ ነበር፤ ጃንሆይ ሳያዩት አለፉ፣ እሱም ከዚያ በኋላ በመጽሔቱ እየሰደበ ጻፈባቸው። ጋርቬይን እንደ ነቢይ የሚያዩ ወጣቶቻችን ይህን ስነግራቸው ይከፋቸዋል። ሃይድ ፓርክ ንጉሡን ሲያብጠለጥል እነ ጄምስና ፓድሞር ከሕዝቡ መሃል እየጮኹ ያቋርጡት ነበር፤ ንጉሥ የማይወዱት ሰዎች ለንጉሥ ጮኹ ማለት ነው። ካፒቴን ግን ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው የጃንሆይን ማነስ ብቻ ነው። «መሰላሌን ይዤ በሄድሁ ኖሮ አልሁ» ይላል።

በመጋቢት 1981 (የኛ የካቲት 1973) ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ጥር ውስጥ ኒው ክሮስ በተባለ ሰፈር የልደት ግብዣ ላይ ቤት ተቃጥሎ 13 ጥቁር ወጣቶች አልቀው፣ መንግሥትም ንግሥቲቱም የሐዘን ቃል አላወጡም። ሰኞ ቀን፣ ሥራ ቀን፣ ሃያ ሺህ የሚሆን ሰው ሥራውን ጥሎ ከኒው ክሮስ እስከ ሃይድ ፓርክ ሄደ። «13 ሞቱ፣ የተናገረ የለም» እያሉ። እኔ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ሳልተኛ ተከተልሁ። ፍሊት ስትሪት፣ ጋዜጣ የሚታተምበት መንገድ ላይ ስንደርስ ከየመስኮቱ ያሾፉብን ነበር። ካፒቴን ክራቫት አስሮ፣ ጥብጣቡን ደረቱ ላይ ሰክቶ መጣ። ወጣቶቹ የራስታ ቀለም መስሏቸው ጀርባውን መታ መታ ያደርጉታል፤ «ይህ ከናንተ በፊት ነው» እያለ ያብራራል፣ ማንም አይሰማውም፣ ከበሮ አለ። በሚያዝያ ብሪክስተን ሲነድ ግን አልወጣም፤ ጉልበቱ እምቢ አለው።

ጄምስን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። በስተርጅና ብሪክስተን ሬይልተን ሮድ ላይ፣ ሬስ ቱደይ የሚባለው መጽሔት ቢሮ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የሞተውም እዚያው ብሪክስተን ነው። ካፒቴን እጄን ይዞ በጠባቡ ደረጃ አወጣኝ። መጻሕፍት ብቻ ነው፤ ቴሌቪዥን፣ ክሪኬት። ስንት ጥያቄ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ፓርቲ፣ ስለ ግንባር ቀደም ድርጅት፣ እሱ እንደሚለው ሠራተኛው ያለ መሪ ድርጅት ራሱን ማደራጀት ይችል እንደሆነ፣ እኛ የት እንደተሳሳትን። አንዱንም ሳልጠይቅ ኳሷን ስከተል ቆይቼ ወረድሁ። የክሪኬት ሕግ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ያን ጊዜ ለቤተሰብ በካሴት ነበር የምንላላከው፤ ደብዳቤ ይከፈታል እየተባለ ይፈራ ነበር፣ ለካሴት ማን ቁጭ ብሎ ያዳምጣል ብለን። ለአባቴ የአንድ ሰዓት ካሴት ቀዳሁ። አብዛኛው የጤንነት ጥያቄ ነው። መጨረሻው ላይ፣ ያን ክረምት እግርህን ስትታጠብ ያልሁህን ታስታውስ እንደሆነ ብዬ፣ ማይጨው በተዋጋችሁ ጊዜ አንድ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥቁር መምህር ከናንተ ጋር ልሰለፍ ብሎ ጠይቆ ነበር፣ ሐኪም ወርቅነህ ናቸው የከለከሉት አልሁት። ይቅር በለኝ ማለቱ አልወጣልኝም፣ ይህን በምትኩ አስቀመጥሁት።

መልሱ በአምስተኛው ወር መጣ። ከከብቱ፣ ከእህቴ ሠርግ፣ ከዝናቡ በኋላ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማል። «ያ የነገርኸኝ ጥቁር ሰውዬ፣» አለ፣ «ለመሆኑ መተኮስ ያውቅ ነበር?»

ይህን ለካፒቴን ተርጉሜ ስነግረው የሳቀው ሳቅ እስከ ታችኛው ቤት ተሰምቷል።

ጥብጣቡ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ጸሐፊያችሁ ለሚመጣው ሚያዝያ ጽሑፉን አሻሽሎ የሚያወጣው ከሆነ ፎቶግራፍ አንሥቼ መላክ እችላለሁ፤ ቢጫው ግን ደብዝዟል፣ በነጭ ወረቀት ላይ ካልሆነ አይታይም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የቀድሞ ተማሪ፣ ከለንደን